ወደ ውጭ የሚያይ እሾህ

ውባንች ሣር እያሰረች ነበር። በግራ ክንዷ እቅፍ ሙሉ ለምለም ሣር ትሰበስብና ሦስት አራት ረዣዥም ሰንበሌጥ አጣምራ ወገቡን ታጠብቀዋለች፤ ጫፉንም ጠምዝዛ ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ሰሊጥ አጫጆች ነዶ የሚያስሩት እንዲህ ነው። ቀድሞ በቀን አሥር ነዶ ሣር ይበቃ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሠላሳም አልበቃ ብሏል። እጆቿ ሥራውን ስለለመዱት የዓይን እርዳታ አይፈልጉም። ዓይኖቿ ያሉት ከእሾህ አጥሩ ወዲያ፣ ኩሬው ላይ ነው። ኩሬው ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎችና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጆሮዎቹ ርግብግብ ሲሉ እጇ ቀጥ ይላል። ሲረጉ እንደገና ይቀጥላል።

ጊዜው ኅዳር 1995 ዓመተ ምሕረት ነው። ቦታው ከሽንፋ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ወንዙ ዳር ያለው የሐጂ ሙሐመድጣሂር የሰሊጥ እርሻ ነው። ኩሬው ውስጥ ያለው ደግሞ ጉማሬ ነው። የእርሻው ሰው ሁሉ "ሙዲር" ይለዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖቹ የመሥሪያ ቤት አለቃን የሚጠሩበት ስም ነው። ስሙን ያወጣለት የእርሻው ካቦ አያ እንግዳው ነበር።

"ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ሰው ሁሉ ለሱ ነው የሚሠራ፤ የጠየቁትን አይመልስ፤ ታዲያ ሙዲር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?" ብሎ።

ውባንች የበለሳ ሰው ናት። በ1984 ዓ.ም. ከባሏ ከቢሻው ጋር፣ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ሰርካለምን አስከትለው፣ ለአንድ አጨዳ ብቻ ብለው ቆላ ወረዱ። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እዚያ አገር ሳሉግ ይሉታል። ሳሉግ ሆነው ሠሩ፤ ለከርሞም ወረዱ። በአራተኛው ዓመት ቢሻውን ካላዛር ያዘው። ሆዱ አብጦ፣ እጅና እግሩ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፣ ሽንፋ ተቀበረ። እሷም መቃብሩን ጥላ መመለስ አልሆነላትም። ለሠራተኛ ውሃ እየቀዳች፣ ሰሊጥ እያረመች ልጇን አሳደገች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሟን ትጽፋለች፤ ጽሑፍም ቢሆን በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች ታነባለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ምንም ቢጠይቋት መልሷ "እናንተ ታውቃላችሁ" ነው።

በ1991 ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ጸንቶ የሽንፋ ወንዝ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ። አንድ ጠዋት ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች አንዲት ጉማሬ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ሞታ አገኙ። ጎኗ ላይ የተለጠፈ፣ በግ የሚያህል ግልገል ነበረ። ሐጂ ሙሐመድጣሂር ይህን ሲሰሙ እንዳይነካ አዘዙ። ሐጂ በወጣትነታቸው አንድ ትልቅ ከተማ ሄደው በመካነ እንስሳት ውስጥ ጉማሬ አይተው ነበርና ትዝታው አልጠፋባቸውም። ለዚያው መካነ እንስሳት ደብዳቤ አጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። "ግልገሉን በደስታ እንረከባለን። ይሁን እንጂ አዲሱ የጉማሬ ማቆያ በመሠራት ላይ ስለሆነ፣ እስኪያልቅ ድረስ አቆዩልን" ይላል።

ማቆየቱ ለውባንች ተሰጠ። የላም ወተት በጀሪካን እያደረገች፣ የጀሪካኑን አፍ በጨርቅ ጠቅልላ አጠባችው። ጡት የለመደ አፉ ጣቶቿን ይዞ ይመጠምጥ ነበር። ልብስ ለማጠብ ስትሄድ ይከተላታል፤ ስትቀመጥ አገጩን እግሯ ላይ አድርጎ ያንቀላፋል። ዕድሜው ሁለት ዓመት ሲሞላ ግን አንድ ቀን ነዶውን ስታቀብለው አፉን ከፈተ። አፉ ተከፍቶ አያልቅም። ከታች የበቀሉት ሁለት ጥርሶች የማጭድ እጀታ ያህላሉ። እጇን የሰበሰበችው ሳታስበው ነው። እሱ ምንም አላደረጋት፤ ሣሩን ብቻ በላ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሣሩን በአጥሩ ላይ ትወረውርለታለች እንጂ በእጇ አላጎረሰችውም።

ማቆያው እንዲህ የተሠራ ነበር። ሐፊር የሚባለው፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ተቆፍሮ የተዘጋጀ ኩሬ አለ። በዙሪያው አያ እንግዳው የእሾህ አጥር አጠረበት። አያ እንግዳው አጥር ያውቃል። የግራር ቅርንጫፍ እያስቆረጠ፣ ግንዱን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ እያደረገ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየጫነ ሰው ደረት ድረስ ያደርሰዋል። የአገሩ አጥር ሁሉ እንዲሁ ነው። የሚፈራው ነገር የሚመጣው ከውጭ ነዋ፤ ጅብ፣ አንበሳ፣ ሌባ። ግልገሉ በግ በሚያህልበት ጊዜ ለሱም የሚፈራለት ከጅብ ነበር፤ አጥሩም ልክ ነበር። ግልገሉ ግን አደገ። አሁን ከበሬ ይከብዳል። የሚያስፈራው ከውስጥ ሆኗል፤ እሾሁ ግን አሁንም ወደ ውጭ ያያል።

ይህን ያስተዋለችው ውባንች ብቻ ነበረች። ያስተዋለችውም ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሙዲር ከውሃው ወጣና አፍንጫውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ከውስጥ በኩል የሚያገኘው የቅርንጫፎቹን ለስላሳ ግንድ ነው። ገፋ አደረገው። እሾሁ ወደ ውጭ የዞረ ስለሆነ የሚወጋው ነገር የለም። ቅርንጫፉ ሁሉ እየተንሸራተተ ከፊቱ ሄደ። እሱም ሳይቸኩል ወጣ። ውባንች ነዶ እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። 

ከአጥሩ ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ መንገድ አለ። ድሮ ጉማሬዎች ሣር ፍለጋ የወጡበት፣ በሁለት በኩል በእግራቸው የተቦረቦረ መንገድ ነው። ሙዲር ሳያሳዩት አወቀው። መንገዱ ወንዙ አፋፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሰርካለም ራኩባ አለ። ራኩባ ማለት አራት ባላ ተተክሎ ከላይ በሣር የተከደነ ጥላ ነው። ሰርካለም እዚያ ለሳሉጎች ሻይ ትሸጣለች።

ውባንች ሮጣ ስትደርስ ባላዎቹ ተሰባብረው ክዳኑ መሬት ነክቶ ነበር። ማንቆርቆሪያው ሰሃን መስሎ ተዳምጧል። ከሰሉ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይጨሳል። ልጇ የለችም። "ሰርኬ! ሰርኬ!" አለች። ከክዳኑ በታች እጇን ሰዳ ጨርቅ ነካች። ስትስበው ባዶ ጆንያ ነው። ያኔ ሰርካለም ውሃ ተሸክማ አፋፉን ወጣች።

"ምን ሆነሽ ነው እማ? ማን ነው ቤቴን ያፈረሰ?" አለች።

ውባንች መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

ሙዲር ወንዝ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ሣሩን ፍለጋ በገዛ እግሩ ተመለሰ። እርሻው በሳቅ አለቀ። "ሙዲር ሥራ ገባ" አሉ ሳሉጎቹ። "ፈርም በሉት፣ አርፍዷል።" ሁሉም ከዚያ ቀን የተማረው እንስሳው የሰው ልማድ እንዳለው ነው። ውባንች ግን ሌላ ነገር ተማረች፤ አጥሩ እንዴት እንደሚከፈት እሱም ማወቁን።

አያ እንግዳው አጥሩን መልሶ ሠራው። እሾሁ ወደ ውጭ። ውባንች ሦስት ቀን ቃሉን በሆዷ ስታመላልስ ቆይታ በአራተኛው ቀን አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

"አያ እንግዳው፤ እሾሁን ወደ ውስጥ ብናዞረውሳ?"

"ምኑን?"

"ጫፉን። ወደሱ እንዲያይ። ይወጋው የለ፣ አይገፋውም።"

አያ እንግዳው መጥረቢያውን አስቀመጠ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። "ስሚ ውባንች። በእኛ ዘንድ እሾህ ወደ ቤት የሚዞር መቼ እንደሆን ታውቂያለሽ? ባለቤቱ ሞቶ ወራሽ ሲያጣ ነው። በሩን በግራር ይዘጉና ጫፉን ወደ ውስጥ ያዞሩታል፤ ሞት እዚያው እንዲቀር። የአባቴን ቤት በዚህ እጄ ነው እንዲያ የዘጋሁ። ሐጂ በሕይወት ቁጭ ብለው በግቢያቸው ላድርገው?"

"አይ እንግዲህ፣ እርስዎ ያውቃሉ" አለች ውባንች።

አንድ ቀን ሰው በሌለበት ራሷ አንዱን ቅርንጫፍ ጎትታ አዞረችው። እጇ ደማ። ሲመሽ ስትመለስ ቅርንጫፉ እንደቀድሞው ወደ ውጭ ዞሯል። ማን እንዳዞረው አልጠየቀችም። አያ እንግዳው ግን ለአንድ ሳምንት ሰላምታዋን በአገጩ ብቻ ነበር የሚመልስ።

ልጇ ዘንድም ሄዳለች። ሰርካለም ራኩባዋን መልሳ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሠርታዋለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ እናቷን በምንም የማትመስል።

"ወዲያ ማዶ ሾላው ሥር ብትሠሪውሳ?" አለቻት ውባንች።

"ሾላው ሥር ማን ይመጣል? ሳሉጉ ሲመሽ የሚታጠብ እዚህ ነው። ታጥቦ ሲወጣ ሻዩን ፊቱ ያገኘዋል።"

"እሱም የሚመጣው ሲመሽ ነው።"

"ማን? ሙዲር? ይምጣ፣ ስኳር አበዛለታለሁ።"

"ሰርኬ፣ ሳቅ አይደለም።"

"እማ፣ አንቺ እኮ አይጥም ትፈሪያለሽ" አለችና ሰርካለም ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ "ጣትሽን ያጠባሽው ልጅሽ አይደለም? ምን ታደርጊዋለሽ እንዲህ እየፈራሽው?" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ውባንች በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማጭዷን ይዛ በአጥሩና በወንዙ መካከል መቆም ጀመረች። ቢመጣ በማጭድ ምን እንደምታደርገው አታውቅም። የአጥሩ እንጨት ቀጭ ባለ ቁጥር የማጭዷን እጀታ ታጠብቃለች። ምሽቱ ሲጨልምና ሰርካለም ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ጎጇቸው ስትመጣ ነው የምትተነፍሰው። አጨዳ ሲያልቅ፣ ሳሉጎች ሲበተኑና ራኩባው ሲዘጋ፣ ፍርሃቷም ጋብ ይላል። ኅዳር ሲመለስ አብሮት ይመለሳል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አቶ ታጠቅ የሚባል ሰው ከዚያ ከከተማው መካነ እንስሳት መጣ። ባለ መነጽር፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ የተጎሳቆለ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሙዲርን ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ቁመቱን በዓይኑ ለክቶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ አያ እንግዳው ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ ውባንችም ውሃ ይዛ ቀረበች።

"ታዲያ የናንተ ቤት መቼ ነው የሚያልቅ?" አለ አያ እንግዳው።

አቶ ታጠቅ ሳቀ። "የጉማሬ ቤታችን ታሪኩ ረጅም ነው፣ አባቴ። የመጀመሪያው አንበሳ የነበረበት የብረት ፍርግርግ ነው። አንበሳው ሲሞት ጉማሬ አስገቡበት። ወለሉ ድንጋይ፣ ውሃው አንድ ገንዳ። ቆዳው በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። ብረቱን በአፍንጫው እየገፋ፣ እየገፋ፣ አንድ ቀን እንደ መጋረጃ ገለጠው። ለአንበሳ የተሠራ ብረት ጥፍርን እንጂ ክብደትን አያውቅም።"

"ሰው ነካ?"

"ትኬት ቆራጩ እግሩን አጣ። ከዚያ ሁለተኛው ተሠራ። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ የሲሚንቶ ገንዳ። እውነትም ጉማሬው መውጣት አቃተው። ግን ገንዳውን የሚያጥበው ሰው ደግሞ መግባት አለበት። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ውስጥ የሚከፈት። ጉማሬው በሩን ተደግፎ ከተኛ የገባ ሰው አይወጣም።" ውሃውን ጠጣ። "አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ነበሩን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብልተውታል። አንድ ቀን ገብተው አልወጡም።"

 ውባንች ማሰሮውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ሦስተኛው አሁን የምንሠራው ነው" አለ አቶ ታጠቅ። "ዳርቻው ተዳፋት፣ ጭቃና ሣር ያለው። በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። አራት ዓመት ፈጀ፤ ገና ግማሽ ነው። አያችሁ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሻገርነው ሁልጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ቀድመን ያሰብንበት ጊዜ የለም።" ቀና ብሎ አጥሩን አየ። "ይሄ እሾህ ግን ይበቃዋል?"

"ይሄን አንበሳ አያልፈውም" አለ አያ እንግዳው።

አቶ ታጠቅ የከተማ ሰው ነው። እሾህ አይቶ እሾህ መሆኑን እንጂ ወዴት እንደሚያይ አላስተዋለም። ወደ ውባንች ዞረ። "እርስዎስ ምን ይላሉ እናቴ? የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት።"

ውባንች ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አያ እንግዳው ያያታል። ከጥላው ዳር የተሰበሰቡት ሳሉጎችም ያዩዋታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"እነሱ ያውቃሉ" አለች።

አቶ ታጠቅ ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ማቆያው አስተማማኝ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ካቦውና ጠባቂዋ ፈርማችሁ ከላካችሁልኝ፣ ቤቱ እስኪያልቅ ሌላ ዓመት እዚሁ እናንተ ዘንድ አቆየዋለሁ። ወረቀቱ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልደረሰኝ ግን ባይመቸውም በአሮጌው ገንዳ አኖረዋለሁ፤ መኪና ልኬ እወስደዋለሁ። ማንም ሳይገባ ከላይ የሚያጥብ ቧንቧ ዘርግተንለታል።"

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ይህ ሲነገራቸው ነገሩን ለአያ እንግዳው ተዉለት። አያ እንግዳው ደግሞ ሙዲርን መስጠት አልፈለገም። ከሱዳን የሚመጡት ነጋዴዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለሱ ነው። እሱም አጥሩን እየዞረ ያሳያቸዋል፤ እንደ ልጅ ይኮራበታል። ውባንችም ቢሆን ሙዲር ከሄደ የጠባቂነት ሥራዋ አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ተጻፈ። አያ እንግዳው ፈርሞ ለሷ ዘረጋላት።

በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። "ማቆያው ጠንካራና አስተማማኝ በመሆኑ በሰውም ሆነ በንብረት ላይ ምንም ዓይነት ስጋት የሌለ መሆኑን እናረጋግጣለን።"

"ምን ታነቢዋለሽ፣ ፈርሚው እንጂ" አለ አያ እንግዳው። "ሾፌሩ ሐሚድ ሰሊጥ ጭኖ በዘጠኝ ሰዓት በመንገዱ ያልፋል። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ፖስታ ቤት ያስገባልናል። ነግሬዋለሁ፤ አንቺ ታደርሺለታለሽ።"

ስሟን ጻፈች። እስክሪብቶውንም መለሰችለት።

ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ አድርጋ ስትወጣ መንገዷ በአጥሩ ሥር ነበር። ሙዲር ውሃ ውስጥ የለም። ዳር ወጥቶ በአጥሩ ጥግ ቆሟል። በስተወንዙ ያሉት ቅርንጫፎች ከቦታቸው አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ ከሥራቸው መሬቱ ተፍቆ አዲስ ጭቃ ይታያል። ግንዶቹ ላይ እርጥብ ነገር አለ። በቀን ነው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሆነም። ጉማሬው ትንፋሹን ወረወረ። ትንፋሹ የሣር ሽታ አለው፤ ጣቶቿን ይመጠምጥ በነበረበት ጊዜ የነበረው ሽታ ነው። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። እሷም አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠው፣ ወደ ኋላ ሄደች።

ራኩባው ጋ ስትደርስ ሰርካለም የምሽቱን ሻይ ልታፈላ ከሰል ታራግባለች። አንድ ሳሉግ ሸራ ተንተርሶ ጥላው ሥር ተጋድሟል።

"ወዴት ነሽ እማ?"

"መንገድ ድረስ። ለሐሚድ መልእክት አለኝ።"

"ስትመለሺ ስኳር ያዥልኝ። ፊትሽ ምን ሆኗል?"

"ፀሐዩ ነው" አለች ውባንች።

መንገዱ ዳር ደርሳ ቆመች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። "በሰውም ሆነ በንብረት" የሚለው ጽሑፍ ደረቷ ላይ የሚሞቅ መሰላት። ከዚያ የሐሚድ አይሱዙ ጆንያውን እንደተራራ ተሸክሞ፣ አቧራውን እያስከተለ መጣ። ሐሚድ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ሰላም ነሽ እትዬ ውባንች? ካቦው ወረቀት ትሰጥሃለች ብሎኛል። በይ አምጪው፣ ቀረጡ ጋ ሰልፍ አለብኝ።"

ውባንች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወረቀቱ እዚያ ነበር። አያ እንግዳው ነገ እንደሚያውቅ ታውቃለች። ምን እንደሚላት፣ ሳሉጎቹ ምን እንደሚሏት፣ የአቶ ታጠቅ መኪና መጥቶ ሙዲርን ከወሰደው ሣር የምታጭድለት እንስሳ እንደማይኖር፣ ሁሉንም ታውቃለች።

"የለም" አለች።

"እንዴት የለም? ፈርማችሁ ጨርሳችኋል ብሎኛል እኮ።"

"ለጊዜው ቀርቷል።"

"እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ አልመለስም። ሌላ መኪናም የለም። ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ። በደኅና ግባ።"

ሐሚድ ትከሻውን ነቀነቀና ማርሹን አስገባ። መኪናው ዳገቱን ወጣ። ውባንች ሁለት እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች፣ አቧራው እስኪረጋ መንገዱ ዳር ቆመች። ደብዳቤው በላብ ርሶ ቆዳዋ ላይ ተለጥፏል። አልደረሰም፤ ከእንግዲህም አይደርስም።